ከፉርጎ ወደ ፉርጎ

ብረቱ አየር ላይ እየተወዛወዘ መጣ። አሥራ ሁለት ክንድ ይረዝማል። በሁለት ማንጠልጠያ ገመድ ተይዞ ከመርከቡ ሆድ ወጣና በጫኝና አውራጆቹ አናት ላይ ሲያልፍ ሁሉም አንገቱን ቀበረ። ቀና ብላ ያየችው ባለገመዷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን የምታየው ብረቱን ሳይሆን ገመዶቹን ነው። ሁለቱንም በገዛ እጇ ገምዳቸዋለች፤ አንድ ክር ቢላላ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፣ ተጠያቂዋም እሷው።

«ቀስ በል፣ ጭሶ» አለ ከታች የጫኝና አውራጆቹ አለቃ።

ጭሶ የእንፋሎት ክሬኑ ነጂ ነው። ፊቱ ከጥላሸት ተለይቶ ስለማያውቅ እናቱ ያወጣችለትን ስም ወደቡ ከረሳው ቆይቷል። ማንሻውን ሳብ አደረገና ብረቱን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አራተኛው ፉርጎ ላይ አሳረፈው። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ሦስት ፉርጎ ትናንት ተጭኗል፣ ሦስት ይቀራል፣ ባቡሩ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል።

መርከቡ የተጠጋበት የድንጋይ ግንብ ከተመረቀ ወር አልሞላውም። ከዚያ በፊት ትልልቆቹ መርከቦች ጥልቁ ውሃ ላይ ርቀው ይቆማሉ፤ ጭነቱ ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ፉርጎ ይዛወራል። አሁን ግን መርከቡ እንደ ጎረቤት መጥቶ ከግንቡ ይጠጋል፣ ክሬኑ እጁን ሰደድ አድርጎ ከሆዱ ያወጣውን በቀጥታ ፉርጎ ላይ ያስቀምጣል። በምረቃው ቀን የወደቡ ሹም «ከእንግዲህ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይነሳም» ብሎ ተናግሯል። ሹም የተናገረውን ማን ይመረምራል። ሁሉም አጨበጨበ፣ ባለገመዷም አብራ አጨበጨበች።

ሦስተኛውን ፉርጎ ለማሰር ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ትናንት ሌሎች ናቸው ያሰሩት። ገመዱን በክምሩ ላይ ልታሳልፍ ጎንበስ ስትል በብረቱ ጫፍ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር አየችው፤ አሥራ አራት ይላል። ፊደል አልተማረችም፣ ቁጥር ግን ባሏ በሕይወት ሳለ አስተምሯታል። ከሱ በታች ያለው አሥራ ሦስት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት። በሆዷ ተኝታ እስከ ታች ወረደችበት። ከሁሉም በታች፣ የፉርጎው ወለል ላይ የተኛው፣ አንድ ይላል።

ገመዱን አስቀመጠችው።

ወንድሟ የድልድይ ሠሪዎች አለቃ ነው። ሽቅብ ተራራው ላይ፣ ወንዙ ገደሉን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ አርባ ሰው ይዞ ይህንኑ ብረት ይጠብቃል። እዚያ ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ከጎኑ ያለው አንድ ጠባብ የገደል ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሰው ይቆምበታል እንጂ ከባድ ዕቃ አይቀመጥበትም። ስለዚህ ብረቱ ከፉርጎ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቦታው መግባት አለበት። ከየፉርጎው መጀመሪያ አንድ ቁጥር፣ መጨረሻ አሥራ አራት። አሥራ አራት ከላይ ተጭኖ ከመጣ፣ አንድን ለማግኘት ሌሎቹን አሥራ ሦስቱን አውርዶ የሆነ ቦታ ማኖር ግድ ይሆናል። ቦታ ደግሞ ከዚያ ጠርዝ በቀር የለም። የላይኛው አገር ዝናብ ጀምሯል፣ ወንዙ በስምንት ቀን ውስጥ እንደሚሞላ ሁሉም ያውቃል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ ጠርዙ ላይ ያኖረዋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት እንደዚያ አድርገዋል። ብረቱ ተገልብጦ ደረሰ፣ ጠርዙ ላይ ደረደሩት፣ ጠርዙ ዘጠኝ ሰው ይዞ ሄደ። ከዘጠኙ አንዱ የባለገመዷ ባል ነበር።

ከፉርጎው ዘላ ወረደችና ወደ አለቃው ሄደች። ሰዎቹ ከኋላው «ጫንቃው» ይሉታል፣ ከፊቱ ግን «አለቃ» ነው። አርባ ዓመት ከተሸከመ በኋላ ቀኝ ትከሻው ከግራው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። በእጁ አንድ ዕቃ ጠፍቶበት ወይም ተሰብሮበት አያውቅም፤ ይህንንም ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ይናገራል።

«አለቃ፣ ጭነቱ ተገልብጧል» አለችው።

«የትኛው ጭነት?»

«ሁሉም። አንድ ቁጥር ከታች ነው የተኛው። እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።»

«እኔ እንደመጣልኝ ነው የጫንኩት፣ እቴ» አለ ጫንቃው ሳይቆጣ። «ከላይ ያገኘሁትን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ስህተት ካለ ባሕር ማዶ የደረደረው ሰው ይጠየቅ።»

«እሱ አልተሳሳተም። ጀልባ ያለ መስሎት ነው። ከመርከብ ወደ ጀልባ ሲዛወር የላዩ ታች ይሆናል፣ ከጀልባ ወደ ፉርጎ ሲዛወር ደግሞ ተመልሶ ላይ ይወጣል። ዛሬ ጀልባ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ተገለበጠና እንደተገለበጠ ቀረ። ጥንድ ከሆነ ይቃናል፣ ጎዶሎ ከሆነ ይዞራል።»

ጫንቃው አገጩን እያሸ አሰበበት። ሞኝ ሰው አይደለም።

«ቆይ እስቲ» አለ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ጀልባ ነበረኝ አይደል? ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ፉርጎ። ሁለት ጊዜ። ባንቺ ሒሳብ ተቃንቶ መድረስ ነበረበት። ታዲያ ለምን ተገልብጦ ደረሰ? የዚያን ጊዜ ጥፋቱ ባሕር ማዶ ካለው ነው ተብሎ ተዘግቷል። የዛሬውም የሱ ይሆናል።»

ባለገመዷ እዚህ ጥያቄ ላይ እንዳይደርስ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። ነገሩን የደረሰችበት ገመድ ስትገምድ ነው፤ እጅ ሲሠራ ልብ ሥራ ይፈታልና ያ ብረት የተጫነበትን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነሳች እየጣለች ቆጠረችው። ከደረሰችበት በኋላ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሽማግሌው አለቃ ያን ቀን ያደረገውን ያደረገው በደግነት ነበር። ሙት ላይነሳ የአንድ ሰው እንቅልፍ ማጥፋት ለማን ይበጃል ብላ ተወችው። አሁን ግን ካልተናገረች አያምናትም፣ ካላመናት ደግሞ ሰዎቹ አይንቀሳቀሱም።

«ያን ጊዜ ሦስት ነበር፣ አለቃ» አለች።

«ምኑ ሦስት?»

«ማዕበል የመጣ ቀን ነው። ጀልባዎቹ ይሰምጣሉ ብለው ብረቱን በዝናብ አውርደው ዳር ላይ አስከመሩት። እኔም ገመድ ይዤ አጠገብዎ ነበርኩ። ማዕበሉ ሲያልፍ ከመሬት አንስተው ፉርጎ ላይ ጫኑት። ጀልባ አንድ፣ መሬት ሁለት፣ ፉርጎ ሦስት።»

ጫንቃው በጣቱ ቆጠረ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሐል ጣት። ሦስተኛዋ ጣት ላይ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ለዚያ ሥራው የወደቡ ሹም በሰው ፊት አመስግኖታል፤ አንድ ብረት ሳይሰምጥ አድኗል ተብሎ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ባሌ ከተቀበረ በሁለተኛው ወር።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ደህና አደሩ ስትይኝ...»

«ብናገር ማን ይነሳል? ዘጠኙ ሞተዋል። አርባዎቹ ግን ዛሬ በሕይወት አሉ፣ አንዱ ወንድሜ ነው። ለዚህ ነው የነገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ሐዲዶቹ ዞረ፣ ዓይኑ ሥራ ሲያይ ጥቂት ነፍስ ተመለሰለት። ግንቡ ላይ ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንደኛው ላይ የብረቱ ፉርጎዎች ቆመዋል። በሁለተኛው ላይ ግንድ አራግፈው የተመለሱ ባዶ ፉርጎዎች ተቀጣጥለዋል፤ እነሱም ግድግዳ የሌላቸው ናቸው።

«መሬት ላይ አውርደን እንደገና ብንጭን ሁለት ጊዜ ነው፣ ያው ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ፣ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር። «ክሬኑን ብንጠቀም ጊዜ አይበቃም። ግን ባዶውን ፉርጎ ከሙሉው ጎን ብናቆመው... ሳንቃ ብንዘረጋበት... አንድ ጊዜ ብቻ እያንከባለልን ብናሻግረው...»

«ጥንድ ይሆናል» አለች።

«ጭሶ ሥራውን አያቁም» አለ ጫንቃው። ድምፁ ተመልሷል። «እሱ ከመርከብ ይጫን። እኛ ከኋላው ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እናዛውራለን። ሐዲድ ቀያሪውን ጥሪልኝ። ሳንቃና ግራሶ ይምጣ፣ ያለ ዲጂኖ ሁሉ ይምጣ።»

ሰዎቹ ትዕዛዙን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። አርባ ዓመት ሙሉ ዕቃ ወደ ፊት ሲገፋ የኖረ ወደብ፣ ተጭኖ ያለቀን ፉርጎ እዚያው ግንብ ላይ አውርዶ ልክ እሱኑ በሚመስል ፉርጎ ላይ ሲጭን ታይቶ አያውቅም። አንዱ «የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ» አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ጫንቃው ግን አልሳቀም። ባለገመዷ ያለችውን ነገራቸው፣ ሦስተኛዋን ጣት ሳይደብቅ። በገዛ አፉ፣ በሰዎቹ ሁሉ ፊት፣ «ያን ጊዜ የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የመጀመሪያውን ፉርጎ ገና ግማሽ ሳያደርሱ ሻለቃው መጣ። ሻለቃው የባቡሩ አዛዥ ነው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ የኪስ ሰዓቱን ሚስቱን ከሚያያት በላይ አዘውትሮ ያያል ተብሎ የሚታማ ሰው ነው። በብብቱ የጭነቱን ወረቀት ይዟል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ። «ከፉርጎ አውርዶ ፉርጎ ላይ መጫን? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህ ነው። ማን አዘዘ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ጫንቃው። ሥራው መሸከም እንጂ ማስረዳት አይደለም። ባለገመዷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቀረበች።

«ጌታዬ ሻለቃ፣ የያዙትን ወረቀት ለአንድ አፍታ ቢሰጡኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ የመንግሥት ሰነድ ነው።»

«አልበላውም።»

ከድንጋጤ ይሁን ከንዴት፣ ሻለቃው ሰጣት። ስምንት ገጽ ነው። አንድ ሣጥን ላይ አስቀመጠችውና ከላይ ያለውን አንስታ አጠገቡ አኖረች፣ ሁለተኛውን አንስታ በሱ ላይ፣ ሦስተኛውን በሱ ላይ፣ እስከ መጨረሻው።

«አሁን ከላይ ያለው ስንተኛው ገጽ ነው?»

«ስምንተኛው» አለ ሻለቃው። «ወረቀቴን አመሰቃቀልሽው።»

«ይህ ከመርከብ ወደ ፉርጎ ነው።» አሁንም አንድ በአንድ እያነሳች ወደ መጀመሪያው ቦታ መለሰችው። «አሁንስ?»

«አንደኛው።»

«ይህ ደግሞ መሐል ላይ ጀልባ ሲኖር ነው። ዛሬ ጀልባ የለንም፣ ጌታዬ። ስምንተኛውን ገጽ ከላይ አድርገን ነው ወደ ወንድሜ የምንልከው።»

ሻለቃው ወረቀቱን አነሳ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ፣ ጣቱን በመሥመሮቹ ላይ አስሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ድርድሩ በመርከብ፣ በጀልባና በባቡር ተዛውሮ እንደሚደርስ ታስቦ የተሠራ ነው» ይላል። ያችን መሥመር አሥር ጊዜ አንብቧታል፣ ፈርሞባታልም። ዓይን ያነበበውን ሁሉ ልብ አያነበውም። ጆሮው ቀላ፤ ወረቀቱን ወደ ብብቱ መለሰ።

«ስሙኝ» አለ። «ከላይ የሚወርድ ባቡር አለ። ሐዲዱ አንድ ነው። የምንተላለፍበት ጣቢያ ላይ ስምንት ሰዓት መድረስ አለብኝ፤ ከዘገየሁ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ማለት ስድስት ሰዓት ነው። የተቃናም ኖረ የተገለበጠ፣ ባቡሩ ይነሳል።»

«ይነሳ» አለ ጫንቃው፣ ዲጂኖውን አንስቶ።

የወደቡ ሰዎችም አርባ ነበሩ። በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል አራት ወፍራም ሳንቃ ተዘረጋ፣ ግራሶ ተቀባ። ብረቱን በዲጂኖ ፈንቅለው ከሥሩ የብረት ዘንግ ያስገባሉ፣ በአንድ ድምፅ ይገፋሉ፣ ከወዲያ ያሉት ተቀብለው ያሳርፋሉ። ባለገመዷ ከኋላ ገመድ አስራ ትይዘዋለች፤ እንዳይፈጥን፣ ሰው እንዳይጨፈልቅ። የመጀመሪያው ፉርጎ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በሁለተኛው እጃቸው ለመደ፣ ሦስተኛው በአርባ ደቂቃ አለቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለሎሚ ነው እንጂ ለብረት እንዳልሆነ የሚያጉረመርሙ አልጠፉም፤ እያጉረመረሙ ግን ገፉ። ጫንቃው እያንዳንዱን ብረት ራሱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ስድስት። አምስት። አራት። አንድ ሲባል ሁሉም ቀና ይላሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

አምስተኛው ላይ አንዱ ሳንቃ ተሰበረ። ብረቱ በሁለቱ ፉርጎ መካከል ዘንበል ብሎ ተንጠለጠለ፣ ባለገመዷ እግሯን ከሐዲዱ ጋር አስደግፋ ይዛ ቀረች። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ብረቱን ለማቃናትና ሌላ ሳንቃ ለማምጣት ግማሽ ሰዓት ሄደ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ቢባልም ጫንቃው ማንንም አልተሳደበም፤ ያም ከስድቡ በላይ አስጨነቃቸው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስድስተኛው ፉርጎ ላይ ገና አምስት ብረት አልተሻገረም ነበር። ሻለቃው ሰዓቱን በእጁ ይዞ መጣ። ድምፁ ከጠዋቱ ለስልሷል።

«ስድስተኛውን እንተወው» አለ። «በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለች ባለገመዷ።

«በአሥር ቀን።»

«ወንዙ በስምንት ቀን ይሞላል። ስድስተኛው ከሌለ ድልድዩ ወዲያኛውን ዳር አይነካም።» ከዚያ ሁለቱን ፉርጎዎች አየች፤ ዘጠኝ ብረት የተቃናበትን አዲሱንና አምስት የቀረበትን አሮጌውን። «ሁለቱንም ይዘን እንሂድ» አለች።

«ሁለቱንም?»

«አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ይቀጠል። የባቡሩ ሞተር ፉርጎዎቹን ከኋላ እየገፋ ነው ሽቅብ የሚወጣው አይደል? ተራራው ሲጀምር ፉርጎዎቹ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ብረቱን በቁመቱ እናስኬደዋለን። ዳገቱ ይገፋልናል፣ እኔ በገመድ እይዘዋለሁ።»

ሻለቃው ጫንቃውን አየው። ጫንቃው ፉርጎዎቹን አየ፣ የክምሩን ከፍታ በክንዱ ለካ። «ጠፍጣፋ ናቸው፣ ዘጠኙ ተደራርበው ከጉልበት አያልፉም» አለ። «ሳንቃውን ከአዲሱ ክምር ወደ አሮጌው አዘቅዝቀን ብንዘረጋው ዳገት ላይ ሊተካከል ይቀርባል። ስምንት ሰው ይበቃኛል።»

«አንድ ሰው ቢወድቅ በኔ ነው የሚፈረደው» አለ ሻለቃው።

«ጠርዙ ቢወድቅስ፣ ጌታዬ?» አለች።

ሻለቃው ሰዓቱን ኪሱ ከተተና ለሐዲድ ቀያሪው እጁን አነሳ። ፉርጎዎቹ ተቀጣጠሉ። ልክ በስድስት ሰዓት ፊሽካው ጮኸ፤ ጭሶ ከክሬኑ ላይ ሆኖ በጥቁር መሀረቡ አውለበለበላቸው።

እስከ መተላለፊያው ጣቢያ ድረስ አልነኩትም። የሚወርደው ባቡር አጠገባቸው አልፎ ከሄደ በኋላ ሐዲዱ የእነሱ ብቻ ሆነ፣ ተራራውም ጀመረ። ፉርጎዎቹ ወደ ኋላ ማዘንበላቸው በእግር ይታወቃል። ሻለቃው በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ወደ ነጂው ሄዶ «በሰው እርምጃ ሂድ፣ ስለ ሰዓቱ እኔ እጠየቃለሁ» አለው። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ዘንግ ለማቀበል መጣ።

አምስተኛው ብረት ያለ ችግር ሄደ። አራተኛውም። ባለገመዷ ገመዱን በፉርጎው ቋሚ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ትንሽ በትንሽ ትለቃለች፤ ብረቱ በዘንጎቹ ላይ እየተንከባለለ ከአሮጌው ፉርጎ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ሦስተኛው ላይ መንገዱ ተጠማዘዘና ብረቱ ወደ ገደሉ በኩል ፈቀቅ አለ። ገመዱ በአንድ ጊዜ ተወጠረ፣ በመዳፏ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ሮጠ። ቆዳዋን ላጠው። አልለቀቀችም። ጫንቃው በዝቅተኛው ትከሻው ብረቱን ደግፎ ቆመ፣ ሻለቃውና ሌሎቹ በዲጂኖ ፈንቅለው መለሱት።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለ ጫንቃው።

«ሁለት ቀርቷል» አለችው፣ ባልተላጠው እጇ ጨርቅ እየጠቀለለች።

አንድ ቁጥር ከሁሉም በላይ ሲያርፍ የባቡሩ ጭስ የተራራውን ወገብ አልፎ ነበር። ጫንቃው ቁጥሩን እንደ ጠዋቱ ጮክ ብሎ አልጠራውም። እጁን ብቻ አኖረበት።

ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ የደረሱት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ወንዙ ከታች ጭቃማ ሆኖ ያጉረመርማል፣ ድምፁ ካለፈው ሳምንት ከፍ ብሏል አሉ ሠራተኞቹ። ወንድሟ እህቱን ፉርጎ ላይ ሲያያት ደነገጠ።

«እታለም፣ አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ብረትህን ይዤ መጣሁ።»

ጠርዙን ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ፉርጎ። ከላይ ያለውን ቁጥር ለማንበብ ፈርቶ እንደነበር ከፊቱ ይታወቃል። ወጣና ጎንበስ አለ። አንድ ይላል። ከሥሩ ሁለት። ሦስት። ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ፀሐይ አለች፣ እንጀምር» አለ።

አንድ ቁጥር ከፉርጎው ተነሳ። በሰንሰለትና በመዘውር ተንጠልጥሎ፣ በሃያ እጅ እየተመራ፣ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ መሠረት ሄዶ ተቀመጠ። መሬት አልነካም። ሁለት ቁጥር ተከተለው። ሦስት፣ አራት። መዶሻው ገደሉ ውስጥ እያስተጋባ፣ ብሎኑ እየጠበቀ ሥራው ቀጠለ፣ ጠርዙ ላይ አንድም ብረት አልተቀመጠበትም።

ጫንቃው ከፉርጎው ወርዶ ወደ ጠርዙ ሄደ። እዚያ ቦታ ረግጦ አያውቅም፤ እሱ ወደቡ ላይ ዕቃ ይልካል እንጂ ዕቃው የት እንደሚደርስ አይቶ አያውቅም። የተናደው ቦታ ላይ አዲስ ሣር በቅሏል። ባለገመዷ ተከትላው መጣች።

«እዚህ ነበር?» አላት።

«ወዲያ፣ ጥጉ ጋ። እስከዚህ ድረስ ነበር መሬቱ።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ልልሽ እፈልጋለሁ፣ አፌ እምቢ አለኝ» አላት።

«ዛሬ አይበሉኝ፣ አለቃ» አለችው። ዓይኗ ሞልቷል። «አሁን ካለቀስኩ እጄ ይላላል። ገና ሰማንያ ብረት ይቀራል። ድልድዩ ይቁምና እርስዎም እኔም ተሻግረን ወዲያ ማዶ ቁጭ ብለን እናለቅሳለን።»

ጫንቃው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ፣ ወደ ፉርጎው ተመለሰና በሰዎቹ መካከል ገብቶ ዝቅ ያለውን ትከሻውን ከብረቱ ሥር አኖረ።

«አምስት» አለ፣ ድምፁ ገደሉን እስኪሞላው።